አሲድ እና ቤዝ

አሲድ እና ቤዝ በኬሚስትሪ ወይም በጥንተ ንጥር ትምህርት መጀመሪያ ላይ ከሚጠኑት ዋና ዋና የውህድ ዓይነቶች ሁለቱ ናቸው። አሲድ በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ውህድ ነው። ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ወይም የሃይድሮጅን አዮን የሚቀበል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጠባይ ያጠፋል፤ ከዚህም አብዛኛውን ጊዜ ጨው እና ውሃ ይገኛሉ።

የሎሚ ጭማቂ፣ ኮምጣጤ፣ እርጎ እና የመኪና ባትሪ ፈሳሽ አሲድ አለባቸው። የአመድ ውሃ፣ ሳሙና፣ ኖራ እና በረኪና ደግሞ ወደ ቤዝ ያደላሉ። በውሃ የሚሟሟ ቤዝ አልካሊ ተብሎም ይጠራል።

የቃሉ አመጣጥ

«አሲድ» የሚለው ቃል የመጣው «ኮምጣጣ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። በአማርኛም «ኮምጣጤ» የሚለው ስም «ኮመጠጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች ነገሩን የሰየሙት በአንድ መንገድ፣ በጣዕሙ ነው። «አልካሊ» የዓረብኛ ቃል ሲሆን ከተቃጠለ ተክል የሚገኝን አመድ ያመለክታል። አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲጠል የሚገኘው ውሃ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ቅባትን ያስለቅቃል። ሳሙና በማይገኝበት ቦታ አመድ ለዕቃ ማጠቢያ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሲዶች ጠባይ

- ጣዕማቸው ኮምጣጣ ነው። ይህ ለምግብ አሲዶች ብቻ የሚነገር ነው፤ በቤተ ሙከራ ያለ ማንኛውም ኬሚካል አይቀመስም።
- ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀትን ወደ ቀይ ይለውጣሉ።
- እንደ ዚንክ፣ ማግኒዥየም እና ብረት ካሉ ብረታ ብረቶች ጋር ሲገናኙ የሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። መዳብ፣ ብር እና ወርቅ ግን ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሃይድሮጅን አያስወጡም።
- ከካርቦኔት ጋር ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ይንተከተካሉ። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ኮምጣጤ ውስጥ ሲቀመጥ አረፋ ያወጣል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ቅርፊቱ ሟሙቶ እንቁላሉ በስስ ሽፋኑ ብቻ ይቀራል።
- በውሃ ሲሟሟ አዮን ስለሚፈጥሩ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ።

የቤዞች ጠባይ

- ጣዕማቸው መራራ ነው።
- በእጅ ሲነኩ ያሟልጫሉ። ይህ የሚሆነው ቤዙ በቆዳ ላይ ያለውን ቅባት ወደ ሳሙና ስለሚለውጠው ነው፤ ስለዚህ የማሟለጥ ስሜት የጉዳት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።
- ቀይ ሊትመስ ወረቀትን ወደ ሰማያዊ ይለውጣሉ።
- ብርቱ ቤዞች አልሙኒየምን ያሟሟሉ፤ በዚህም ጊዜ የሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ካስቲክ ሶዳ በአልሙኒየም ዕቃ አይቀመጥም።
- እንደ አሲዶች ሁሉ በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ።

ትርጓሜው እንዴት ተለወጠ?

እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ አሲድ የሚታወቀው በጣዕሙ እና በሥራው ብቻ ነበር። ሮበርት ቦይል በ1664 ባሳተመው የቀለማት መጽሐፍ ከተክል የተገኙ ቀለሞች በአሲድ እና በአልካሊ የተለያየ መልክ እንደሚይዙ ገለጸ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብሎ ስላመነ ለኦክስጅን «አሲድ አስገኚ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ሰጠው። ስሙ እስከ ዛሬ ቢቀርም ሐሳቡ ግን ስህተት ነበር። በ1810 ሃምፍሪ ዴቪ ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን ሲያሳይ፣ የዛሬው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምንም ኦክስጅን እንደሌለው ታወቀ። ትኩረቱም ወደ ሃይድሮጅን ዞረ።

ዛሬ በትምህርት የሚሰጡት ትርጓሜዎች ሦስት ናቸው።

1. የአሬኒየስ ትርጓሜ፦ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ውህዶች በውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች እንደሚለያዩ አስረዳ። በዚህ መሠረት አሲድ የሃይድሮጅን አዮንን፣ ቤዝ ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮንን በውሃ ውስጥ ይጨምራል። አሬኒየስ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

2. የብሮንስቴድ እና ሎውሪ ትርጓሜ፦ በ1923 ዴንማርካዊው ዮሃንስ ብሮንስቴድ እና እንግሊዛዊው ቶማስ ሎውሪ በየግላቸው አሲድን ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝን ፕሮቶን ተቀባይ ብለው ገለጹ። የሃይድሮጅን አዮን ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ፕሮቶን ብቻ ነው። ይህ ትርጓሜ አሞኒያን ለመረዳት ይጠቅማል። አሞኒያ በውስጡ ሃይድሮክሳይድ የለውም፤ ነገር ግን ከውሃ ላይ አንድ ፕሮቶን ወስዶ አሞኒየም ይሆናል፣ ፕሮቶኑን የሰጠው ውሃም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ አሞኒያ ቤዝ ነው።

3. የሉዊስ ትርጓሜ፦ በዚያው በ1923 አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ አሲድን ጥንድ ኤሌክትሮን ተቀባይ፣ ቤዝን ጥንድ ኤሌክትሮን ሰጪ አደረገው። ይህ ከሁሉም ሰፊው ሲሆን ሃይድሮጅን የሌላቸውን ውህዶችም ያካትታል።

ሦስቱ እርስ በርስ አይሻሩም፤ ኋለኛው የፊተኛውን በውስጡ ይይዛል። ከዚህ በታች ላለው ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

ብርታት እና ክምችት

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች የአሲድ ብርታት እና የአሲድ ክምችት ናቸው።

ብርታት ማለት ከሟሙት ሞለኪውሎች መካከል ምን ያህሉ ወደ አዮን ተለያየ ማለት ነው። ብርቱ አሲድ በውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይለያያል። ሃይድሮክሎሪክ፣ ሃይድሮብሮሚክ፣ ሃይድሮአዮዲክ፣ ናይትሪክ፣ ሰልፈሪክ እና ፐርክሎሪክ አሲድ ብርቱዎች ናቸው። በኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ደካማ ነው፤ ከሞለኪውሎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ይለያያሉ። ከቤዞች ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብርቱዎች ሲሆኑ አሞኒያ ደካማ ነው።

ክምችት ማለት ደግሞ በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ምን ያህል አሲድ ገባ ማለት ነው። ውሃ ሲጨመር ክምችቱ ይቀንሳል፤ የአሲዱ ዓይነት ግን ያው ስለሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢቀጥንም ብርቱ አሲድ መሆኑ አይቀርም።

«ደካማ» ማለት «ጉዳት የሌለው» ማለትም አይደለም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በዚህ አከፋፈል ደካማ ነው፤ ሆኖም መስታወት ይበላል፣ በቆዳ ውስጥ አልፎም በሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ስለሚጣመር ሰው ሊገድል ይችላል።

ፒኤች

ፒኤች የአንድ ሙሙት አሲድነት ወይም ቤዝነት የሚለካበት ቁጥር ነው። በ1909 በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሶረን ሶረንሰን አስተዋወቀው። ቁጥሩ የሚገኘው የሃይድሮጅን አዮን ክምችትን በ10 መሠረት ሎጋሪዝም አስልቶ ምልክቱን በመገልበጥ ነው። ለምሳሌ፦

- በአንድ ሊትር 0.1 ሞል የሃይድሮጅን አዮን ካለ ፒኤች 1 ነው።
- 0.01 ሞል ካለ ፒኤች 2 ነው።
- 0.001 ሞል ካለ ፒኤች 3 ነው።

እንግዲህ የአንድ ቁጥር ልዩነት የ10 እጥፍ፣ የሁለት ቁጥር ልዩነት የ100 እጥፍ ልዩነት ነው። ፒኤች 4 የሆነ ሙሙት ፒኤች 6 ከሆነው 100 ጊዜ ያህል የበለጠ የሃይድሮጅን አዮን አለው።

በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 ገለልተኛ ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ድረስ ይነገራል፤ በጣም በተከማቹ ሙሙቶች ግን ከ0 በታች ወይም ከ14 በላይ ሊሆን ይችላል።

የአንዳንድ ነገሮች ፒኤች በግምት፦

- የጨጓራ ፈሳሽ፦ ከ1.5 እስከ 3.5
- የሎሚ ጭማቂ፦ 2 ገደማ
- ኮምጣጤ፦ ከ2.5 እስከ 3
- ቡና፦ 5 ገደማ
- ንጹሕ ውሃ፦ 7
- የሰው ደም፦ ከ7.35 እስከ 7.45
- የባሕር ውሃ፦ 8 ገደማ
- በረኪና፦ ከ11 እስከ 13

ጠቋሚዎች

ጠቋሚ ማለት እንደ ፒኤች መጠን ቀለሙን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ነው። በትምህርት ቤት የተለመዱት፦

- ሊትመስ፦ በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊ።
- ፌኖልፍታሊን፦ ከ8 ገደማ በታች ቀለም የለውም፣ በቤዝ ሮዝ ይሆናል።
- ሜቲል ኦሬንጅ፦ ከ3.1 በታች ቀይ፣ ከ4.4 በላይ ቢጫ።

ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የቀይ ጥቅል ጎመን ውሃ ጥሩ ጠቋሚ ነው። ጎመኑ ተከትፎ በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ ሐምራዊ ውሃ ይወጣዋል፤ ይህ ውሃ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ቀይ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመርበት ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይለወጣል። ሻይም ሎሚ ሲጨመቅበት መልኩ የሚነጣው በውስጡ ያሉት ቀለሞች በአሲድ ስለሚለወጡ ነው።

የአሲዶች አሰያየም

የአሲድ ስም የሚገኘው ከአዮኑ ስም ነው። አካሄዱ እንደሚከተለው ነው።

1. የአዮኑ ስም በ«አይድ» ካበቃ፣ አሲዱ በፊቱ «ሃይድሮ»፣ በመጨረሻው «ኢክ» ይጨመርለታል። ክሎራይድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ብሮማይድ ሃይድሮብሮሚክ አሲድ፣ ፍሎራይድ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሆናል። እነዚህ በአብዛኛው ኦክስጅን የሌላቸው ናቸው።

2. የአዮኑ ስም በ«ኤት» ካበቃ፣ መጨረሻው ወደ «ኢክ» ይለወጣል፤ «ሃይድሮ» አይጨመርም። ናይትሬት ናይትሪክ አሲድ፣ ሰልፌት ሰልፈሪክ አሲድ፣ ካርቦኔት ካርቦኒክ አሲድ፣ ፎስፌት ፎስፎሪክ አሲድ ይሆናል።

3. የአዮኑ ስም በ«አይት» ካበቃ፣ መጨረሻው ወደ «ኧስ» ይለወጣል። ናይትራይት ናይትረስ አሲድ፣ ሰልፋይት ሰልፈረስ አሲድ ይሆናል።

በ«ኤት» እና በ«አይት» መካከል ያለው ልዩነት የኦክስጅን ብዛት ነው፤ የ«አይት» አዮን ከ«ኤት» አዮን አንድ ኦክስጅን ይጎድለዋል። ከ«ኤት» አንድ ኦክስጅን ሲበልጥ «ፐር»፣ ከ«አይት» አንድ ሲያንስ «ሃይፖ» በፊት ይጨመራል። የክሎሪን አሲዶች ሁሉንም በአንድ ላይ ያሳያሉ፦

- ኦክስጅን የለውም፦ ክሎራይድ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ
- 1 ኦክስጅን፦ ሃይፖክሎራይት፣ ሃይፖክሎረስ አሲድ
- 2 ኦክስጅን፦ ክሎራይት፣ ክሎረስ አሲድ
- 3 ኦክስጅን፦ ክሎሬት፣ ክሎሪክ አሲድ
- 4 ኦክስጅን፦ ፐርክሎሬት፣ ፐርክሎሪክ አሲድ

በአማርኛ ሲጻፍ «ክሎራይድ» እና «ክሎራይት» የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው። ነገሮቹ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ሶዲየም ክሎራይድ የምንበላው ጨው ነው፤ ሶዲየም ክሎራይት ለማንጫ እና ለውሃ ማከሚያ የሚውል ጎጂ ኬሚካል ነው፤ ሶዲየም ክሎሬት ደግሞ አረም ለማድረቅ ሲያገለግል የኖረ፣ እሳትን የሚያባብስ ውህድ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ስለዚህ በጠርሙስ ላይ የተጻፈ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል መነበብ አለበት።

ሃይድሮጅን ክሎራይድ እና ሃይድሮክሎሪክ አሲድም አንድ ስም አይደሉም። የመጀመሪያው ጋዙ ሲሆን ሁለተኛው ጋዙ በውሃ ከሟሟ በኋላ የሚሰጠው ስም ነው።

ከካርቦን የተሠሩ አሲዶች የራሳቸው አሰያየም አላቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በተለምዶ የሚጠሩት በተገኙበት ነገር ነው። ፎርሚክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከጉንዳን የላቲን ስም ነው፤ በሥርዓቱ ሜታኖይክ አሲድ ይባላል። አሴቲክ አሲድ ከኮምጣጤ የላቲን ስም ሲሆን በሥርዓቱ ኢታኖይክ አሲድ ነው። ላክቲክ አሲድ ደግሞ ከወተት የላቲን ስም የተወሰደ ነው።

የቤዞች እና የጨዎች አሰያየም

የቤዝ አሰያየም ቀላል ነው፦ የብረታ ብረቱ ስም ይቀድማል፣ «ሃይድሮክሳይድ» ይከተላል።

- ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፦ ካስቲክ ሶዳ፣ ለሳሙና ሥራ
- ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፦ በውሃ የበረደ ኖራ፣ ለግንባታ እና ለቆዳ ፋብሪካ
- ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ፦ ለቃር መድኃኒት

ብረታ ብረቱ ከአንድ በላይ የኤሌክትሪክ ሙል ሊኖረው የሚችል ከሆነ ሙሉ በቁጥር ይገለጻል። ብረት ለምሳሌ ብረት 2 ሃይድሮክሳይድ እና ብረት 3 ሃይድሮክሳይድ አለው። አሞኒያ ከዚህ ሥርዓት ውጭ የራሱን ስም እንደያዘ ቀርቷል።

ጨው ሲሰየም የመጀመሪያው ስም ከቤዙ፣ ሁለተኛው ከአሲዱ ይመጣል፦

- ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር፦ ሶዲየም ክሎራይድ እና ውሃ
- ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከናይትሪክ አሲድ ጋር፦ ፖታሲየም ናይትሬት እና ውሃ
- ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር፦ ካልሲየም ሰልፌት እና ውሃ

አሲዱ ሃይድሮጅኑን ሁሉ ሳይሰጥ ሲቀር «ሃይድሮጅን» የሚለው ቃል በጨው ስም መካከል ይገባል። ቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም ሃይድሮጅን ካርቦኔት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኑሮ እና በተፈጥሮ

በምግብ፦ የጤፍ ሊጥ ሲቦካ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እና ሌሎች አሲዶችን ይሠራሉ፤ የእንጀራ ኮምጣጣ ጣዕም ከዚህ ይመጣል። አሲዱ ብዙ ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡም ያግዳል። ወተት ሲረጋ የሚሆነውም ይኸው ነው።

በሰውነት፦ ጨጓራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ሲመለስ ቃር ይሰማል። የቃር መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አሲዱን የሚያረግቡ ደካማ ቤዞች ናቸው።

በእርሻ፦ ዝናብ በሚበዛበት የኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም በምዕራቡ እና በደቡብ ምዕራቡ፣ የአፈር አሲድነት ከባድ ችግር ነው። ዝናቡ ካልሲየም እና ማግኒዥየምን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል። ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ በአፈር ውስጥ ያለው አልሙኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረስም ከአልሙኒየም እና ከብረት ጋር ስለሚያያዝ ተክሉ አያገኘውም። በዚህ ጊዜ ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ገብሱ፣ ስንዴው እና ባቄላው የሚጠበቀውን ያህል አይሰጡም። መፍትሔው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ በአፈሩ ላይ መበተን ነው። በጓሮ አመድ መበተንም አመድ ቤዝ ስለሆነ በጥቂቱ ይረዳል።

በሐይቆች እና በምንጮች፦ በአፋር ክልል በዳሎል የሚገኙት ቢጫ እና አረንጓዴ ኩሬዎች ፒኤች ከ0 በታች የሚወርድባቸው በዓለም እጅግ አሲዳማ ከሆኑ የተፈጥሮ ውሃዎች መካከል ናቸው። በተቃራኒው በስምጥ ሸለቆ ያሉት የሻላ፣ የአብያታ እና የጭቱ ሐይቆች መውጫ ስለሌላቸው ውሃቸው እየተነነ ሶዲየም ካርቦኔት እና ሶዲየም ሃይድሮጅን ካርቦኔት ተከማችቶባቸዋል፤ ስለዚህ ብርቱ አልካሊ ናቸው። ከአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል።

ጥንቃቄ

- አሲድ ሲቀጥን አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይጨመርም። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣ ፈልቶ ሊረጭ ይችላል።
- በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ ጎጂ ጋዝ ይፈጠራል።
- አሲድ፣ በረኪና እና ካስቲክ ሶዳ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጡም፤ ሕፃናት መጠጥ መስሏቸው ይጠጧቸዋል።
- አሲድ ወይም ቤዝ ቆዳ ወይም ዓይን ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማጠብ እና የነካውን ልብስ ማውለቅ ያስፈልጋል። አሲዱን በቤዝ፣ ቤዙን በአሲድ ለማርገብ መሞከር ሙቀት ስለሚፈጥር ቃጠሎውን ያብሳል።
- የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላልና። ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት፤ ጠርሙሱንም ይዞ መሄድ ሐኪሙ የኬሚካሉን ስም እንዲያውቅ ይረዳዋል።

ደግሞ ይዩ

- ጨው
- ፒኤች
- ሃይድሮጅን
- ኦክስጅን
- ሳሙና
- ኖራ
- ዳሎል